ማዕድን ስለ ማገልገል፤ ድኻን መመገብ የመንግሥት ዕዳ ነውን ወይስ የየሰው ምጽዋት

በግብረ ሐዋርያት በ6ኛው ምዕራፍ የተጻፈው ታሪክ በቃል አጭር፣ በምሥጢር ግን ሰፊ ነው። በኢየሩሳሌም የነበሩት ምእመናን ገንዘባቸውን አንድ አድርገው በሚኖሩበት ወራት ለመበለቶች በየዕለቱ ምግብ ይታደል ነበር። የምእመናኑ ቍጥር በበዛ ጊዜ ግን የጽርእ ቋንቋ የሚናገሩት ወገኖች በዕብራይስጥ ተናጋሪዎቹ ላይ አጕረመረሙ፤ የእነርሱ መበለቶች ከእደላው ይዘለሉ ነበርና። ሐዋርያትም ማኅበሩን ሰብስበው የማስተማሩን ሥራ ትተው በማዕድ ላይ ሊቆሙ እንደማይገባቸው ገለጡ፤ በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የመላባቸው ሰባት ሰዎችም ተመርጠው፣ እጅ ተጭኖባቸው፣ በዚህ ሥራ ላይ ተሾሙ።

ይህን ምዕራፍ ብዙዎች የሚያነቡት የዲቁናን መዠመሪያ ለማወቅ ብቻ ነው። ያም እውነት ነው። ነገር ግን በዚህ ዘመን በካህናትም በመኳንንትም መካከል ለሚነሣው ክርክር ከዚህ የሚሻል ምዕራፍ አይገኝም። ክርክሩ እንዲህ ነው። አንዱ ወገን፣ ድኻን መርዳት የቤተ ክርስቲያንና የየምእመኑ ነው፤ መንግሥት ከሕዝብ በግድ ሰብስቦ ለድኻ ቢሰጥ ፈቃድ የሌለበት ሥራ ነውና ምጽዋት አይባልም ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ፣ ግብር ከተከፈለ ድኻውን ማየት የመንግሥት ፋንታ ነው፤ በደጅ ቆሞ የሚለምን ቢኖር ወደ ቀበሌው ይሂድ ይላል። የፊተኛው የድኻውን ሆድ ረስቷል፤ የኋለኛው የገዛ ነፍሱን ረስቷል።

አስቀድሞ የምዕራፉን ቃል መመልከት ይገባል። እደላው የዕለት ዕለት ነበር። የበዓል ቀን ብቻ፣ ወይም ሰጪው ልቡ በራራ ጊዜ ብቻ አልነበረም። ይህም ማለት ገና ከመዠመሪያው የድኻ ምግብ በሥርዓትና በቍጥር የሚሰጥ ነበር ማለት ነው። አንድም፣ ረኀብ በየቀኑ ይመጣልና የሚመክተውም በየቀኑ ሊመጣ ያስፈልጋል ማለት ነው። ቀጥሎም መበለቶቹ ተዘለሉ እንጂ ተጠሉ አይልም። ከዕብራውያን ወገን ክፉ ሰው ተነሥቶ ከለከላቸው የሚል ቃል የለም። ቍጥር ሲበዛ ስሙን የሚጠራለት ሰው የሌለው ይጠፋል። መንፈስ ቅዱስ በእሳት አምሳል በወረደባት፣ ሐዋርያት በአካል በተቀመጡባት ቤተ ክርስቲያን እንኳ የመዝገብ ጕድለት ተገኘ። እንግዲህ ስሕተት የሚገኘው በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ብቻ ነው፣ ምጽዋት ግን በካህን እጅ ካለፈ ጕድለት የለበትም የሚል ሰው ቢኖር ይህን ምዕራፍ ደግሞ ያንብብ።

አሁን ወደ ኦሪት እንመለስ። መንግሥት በሕግ ለድኻ ሊያዝዝ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ነገር በሐዲስ ብቻ አይፈታምና። በዘሌዋውያን በ19ኛው፣ በዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ የእርሻ ባለቤት አዝመራውን ሲያጭድ የእርሻውን ዳር እንዳያጭድ፣ የወደቀውን ቃርሚያ እንዳይለቅም፣ የረሳውንም ነዶ ለመውሰድ እንዳይመለስ ታዝዟል፤ የወይራውንና የወይኑንም ነገር እንደዚሁ። ይህ ለመጻተኛ፣ ለድኻ አደግና ለመበለት የቀረ ነው። ልብ ይባል፤ ይህ ምክር አይደለም፤ ሕግ ነው። ባለ እርሻው ደግ ቢሆንም ክፉ ቢሆንም ዳሩ የድኻው ነው። ድኻውም ሲቃርም ሌባ አይባልም፤ ለማኝም አይባልም፤ የራሱን ድርሻ ያነሣል። በዘዳግም በ14ኛው ምዕራፍም በየሦስተኛው ዓመት የሚወጣው ዐሥራት በከተማው ደጅ ተቀምጦ ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድኻ አደጉና መበለቲቱ እንዲበሉት ታዝዟል። ስለዚህ በሕግና በግድ ለድኻ የሚወጣ ነገር ሁሉ ከእግዚአብሔር ፈቃድ ውጭ ነው ብሎ መናገር አይቻልም። ያዘዘው እርሱ ነውና።

ነገር ግን ሕጉ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሄድ፣ ከሕጉ በኋላ የቀረውስ ምን እንደ ሆነ በመጽሐፈ ሩት በ2ኛው ምዕራፍ ይታያል። ሩት ሞዓባዊት ናት፤ ባሏ የሞተባት መጻተኛ ናት፤ አማቷን ኑኃሚንን የምታበላው የላት። ወደ እርሻ ወጥታ ከአጫጆች በኋላ ስትቃርም ማንም ሊከለክላት አይችልም፤ ሕግ አላትና። ሕጉ ወደ እርሻው አስገባት። ከዚህ በኋላ ግን ባለ እርሻው ቦዔዝ መጣ። ስሟን ጠየቀ፤ የማን እንደ ሆነች ተነገረው። ጐበዛዝቱ እንዳይነኳት አዘዘ። በምሳ ጊዜ ወደ ማዕዱ ጠራት፤ እንጀራዋን በሆምጣጤ አጥቅሳ እንድትበላ ነገራት፤ ቈሎም ሰጣት፤ እርስዋም በልታ ጠግባ አተረፈች። ከሁሉ የሚደንቀው ቀጥሎ ያለው ነው። አጫጆቹን ለብቻቸው አድርጎ፣ በነዶው መካከል እንኳ ብትቃርም እንዳያሳፍሯት፣ ከተሰበሰበውም ሆን ብለው እየመዘዙ እንዲጥሉላት አዘዘ። ሩት ይህን አላወቀችም። የጣሉላትን ራሱ የወደቀ ቃርሚያ መስሏት አነሣች። ማታ ስትወቃው አንድ ኢፍ ያህል ገብስ ሆነ፤ ለአንድ ቀን ቃርሚያ ይህ እጅግ ብዙ ነው፤ ኑኃሚንም አይታ ዛሬ ወዴት ቃረምሽ ብላ የጠየቀችው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ በአንድ እርሻ ውስጥ ሁለቱም ተገናኙ። ዳሩና ቃርሚያው የሕግ ነው። ተመዝዞ የተጣለው የምሕረት ነው። ሕጉ ባይኖር ሩት በቦዔዝ እርሻ ደጅ ቆማ ለመግባት እንኳ ትለምን ነበር፤ ባለ እርሻው ቦዔዝ ባይሆንና ሌላ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ደግሞ በባዶ እጅዋ ትመለስ ነበር። ምሕረቱ ባይኖር ደግሞ ሕጉ የሚሰጣት ለአንድ ቀን የማይበቃ እፍኝ ነበር፤ ስሟንም የሚጠይቃት አልነበረም። ቦዔዝ ሕጉን ፈጽሜአለሁ፣ ዳሩን ትቼላታለሁ ብሎ አልተቀመጠም። በሌላም በኩል፣ እኔ በፈቃዴ እሰጣታለሁና የቃርሚያው ሕግ ይቅር አላለም። ምሕረቱን ያደረገው በሕጉ ላይ ጨምሮ ነው።

የንጉሥም ሥራ በዚሁ ላይ ነው። በመዝሙረ ዳዊት በ71ኛው መዝሙር ለንጉሡ ልጅ የሚለመነው የመዠመሪያው ነገር ለድኾች ይፈርድ ዘንድ፣ የሚጮኸውን ችግረኛ ያድን ዘንድ ነው። ሠራዊት ማብዛት ወይም ግንብ መሥራት አስቀድሞ አልተጠራም። በመጽሐፈ ነህምያ በ5ኛው ምዕራፍም በረኀብ ጊዜ ልጆቻቸውን ለዕዳ የሰጡት ድኾች በጮኹ ጊዜ ነህምያ መኳንንቱንና ሹማምንቱን ገሥጾ እርሻቸውን፣ ወይናቸውንና ወለዱን አስመለሰላቸው። እርሱ ራሱ ገዥ ሳለ ለገዥ የሚገባውን ድርጎ ከሕዝቡ ሳይበላ ዐሥራ ሁለት ዓመት ኖረ፤ በማዕዱ ግን መቶ ኀምሳ ሰው ይበላ ነበር። በዚህ ሥፍራ ፍትሕ በሕግ ተደርጎ ምጽዋትም ከገዥው ከራሱ ኪስ ወጥቷል።

እዚህ ላይ ብርቱ መቃወሚያ ይነሣል። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት በ8ኛውና በ9ኛው ምዕራፍ የሚሰጥ ሰው በልቡ እንዳሰበ፣ ሳያዝንና ሳይገደድ ሊሰጥ እንደሚገባው ተናግሯል። ሐናንያንና ሰጲራንም ቅዱስ ጴጥሮስ የገሠጻቸው ባለመስጠታቸው ሳይሆን በመዋሸታቸው ነው፤ መሬቱ ሳይሸጥ የራሳቸው፣ ከተሸጠም በኋላ ዋጋው በእጃቸው እንደ ነበረ ነግሯቸዋል። እንግዲህ ግድ ካለ ምጽዋት የለም ይላሉ። መልሱ፤ አዎን፣ ግድ ካለ ምጽዋት የለም፤ ዕዳ ግን አለ። ይኸው ጳውሎስ በሮሜ መልእክት በ13ኛው ምዕራፍ ግብር ለሚገባው ግብርን፣ ቀረጥ ለሚገባው ቀረጥን መክፈል ዕዳ እንደ ሆነ አስተምሯል። የቆሮንቶስ ገንዘብ በኢየሩሳሌም ላሉ ድኾች ቅዱሳን የተለመነ ስጦታ ነው፤ የሮሜው ግን ሹም የሚሰበስበው ግብር ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ስሕተት ነው። ግብር የከፈለ ሰው ለእግዚአብሔር ስጦታ አቀረብሁ ብሎ አይመካ፤ የከፈለው የተበደረውን ነው። ምጽዋት የሰጠም ከግብሩ ልቀንስ አይበል። ዋናው ግን ይህ ነው፤ የሰጪው ዋጋ የሚመዘነው በፈቃዱ ነው፤ የተራበው ሰው እንጀራ ግን የሰጪው ፈቃድ እስኪበስል ድረስ ሊቆይ አይችልም። ባለጸጋው ልቡን እስኪያለሰልስ ድረስ ሕፃኑ በረኀብ ይሙት የሚል ትርጓሜ ከሐዋርያው ቃል አይወጣም።

ሆኖም የመንግሥት እርዳታ ያለ አደጋ ነው ማለት አይቻልም። መጽሐፍ ይህን አልሸሸገም። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከግብፅ እህል አምስተኛውን እጅ ሰብስቦ በየከተማው ጎተራ አከማቸ፤ በሰባቱ የረኀብ ዓመታትም ሕዝብን ከሞት አዳነ። ጥበቡ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን በኦሪት ዘፍጥረት በ47ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ቀስ ብሎ ማንበብ ያሻል። እህሉ በነጻ አልታደለም፤ ተሸጠ። መዠመሪያ ብራቸው አለቀ፤ ቀጥሎ ከብታቸው ሄደ፤ በመጨረሻም መሬታቸውና ራሳቸው የፈርዖን ሆኑ። ሕዝቡ ከሞት ስለ ዳነ አመሰገነ፤ ያመሰገነው ግን ባሪያ ሆኖ ነው። ቀድሞ ለድኻ መዳኛ የተከማቸው አምስተኛ እጅ በኋላ ለዘወትር የሚከፈል ግብር ሆነ። ከዚህም ጋር አንዲት ነገር ተጽፋለች፤ የካህናቱ መሬት ብቻ አልተነካም፤ ከፈርዖን ድርጎ ይቀበሉ ነበርና። በዚያ የረኀብ ዘመን ድርጎ የሚበሉት ካህናት ስለ ሕዝቡ የተናገሩት አንድ ቃል እንኳ በመጽሐፉ አልተገኘም።

የአባቶችንም ሥራ መመልከት ይገባል፤ የእነርሱ ዘመን ከዚህ በታች በአውሮጳ አቈጣጠር ተጽፏል። በ368ና በ369 ዓመት በቀጰዶቅያ ብርቱ ረኀብ ሆነ። ቅዱስ ባስልዮስ ያን ጊዜ ገና ቄስ ነበር። የከተማዋ ባለጸጎች እህላቸውን ዋጋው እስኪወጣ ድረስ ዘግተው ነበር። ባስልዮስ ጦር የለው፣ ሥልጣን የለው፤ በስብከት ጎተራቸውን አስከፈተ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በቀብር ስብከቱ እንደ መሰከረው፣ የተራቡትን በአንድ ሥፍራ ሰብስቦ ወጥ በጋን እያስቀቀለ፣ ወገቡን ታጥቆ ራሱ ያስተናግድ ነበር። በ370 ዓመት ጳጳስ ከሆነ በኋላም በቂሣርያ ከከተማ ውጭ ለሕሙማን፣ ለእንግዶችና ለለምጻሞች ታላቅ ቤት ሠራ፤ ሐኪሞችና አስታማሚዎችም አኖረበት። ይህ ቤት እንደ አዲስ ከተማ ተቈጠረ።

ይህን የሰሙ ሰዎች፣ እነሆ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ያለ መንግሥት ቆመ ይላሉ። ነገር ግን የባስልዮስ መልእክታት ሌላም ነገር ያሳያሉ። ሕንጻው ለመንግሥት ጉዳት ነው ተብሎ በተከሰሰ ጊዜ ለአገረ ገዥው ጽፎ ተሟገተ፤ ለግብር ሹማምንትም ጽፎ የድኾች ቤት ከግብር ነጻ እንዲሆን ለመነ። ከዚህም የሚበልጥ አለ። ንጉሡ ዋሌንስ አርዮሳዊ ነበር፤ ባስልዮስን ከሃይማኖቱ ለማናወጥ ብዙ ዛቻ አስዛተበት፤ እርሱ ግን አልተናወጠም። ይህ ንጉሥ በ372 ዓመት በጥምቀት በዓል ወደ ቂሣርያ ቤተ ክርስቲያን በገባ ጊዜ የባስልዮስን ጽናት አይቶ ተደነቀ፤ የታሪክ ጸሐፊም እንደ ተረከው፣ በዚያ አገር ከነበረው መልካም መሬት ለባስልዮስ ድኾች ሰጠ። ባስልዮስ የመናፍቅ ንጉሥ መሬት አልቀበልም አላለም። በሃይማኖት አንዲት ፊደል አልለወጠለትም፤ ለሕሙማኑ ግን መሬቱን ተቀበለ። ሕሙም ሰው የሚተኛበትን አልጋ ማን እንደ ሰጠው አይመረምርም።

የዑልያኖስ ከሃዲ ነገር ደግሞ ከዚህ ጋር ሊነበብ የሚገባው ነው። ዑልያኖስ ከባስልዮስና ከጎርጎርዮስ ጋር በአቴና የተማረ ነው፤ ሁለቱ ቅዱሳን የተማሩትን እርሱም ተምሮ ነበር፤ ትምህርት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያደርስ ከዚህ ይታወቃል። በ361 ዓመት ነግሦ ክርስትናን ካደ። በ362 ዓመት በገላትያ ላለው የጣዖት ሊቀ ካህናት በጻፈው ደብዳቤ፣ ክርስቲያኖች የራሳቸውን ድኾች ብቻ ሳይሆን የአረማውያኑንም ጭምር እንደሚመግቡ በቍጭት አመነ። ስለዚህ በየከተማው የእንግዳ መቀበያ ቤት እንዲሠራ አዘዘ፤ ለገላትያ ብቻ በየዓመቱ 30,000 ሞድዮስ ስንዴ ከመንግሥት ጎተራ ቈረጠ፤ ብዙ ወይንም ጨመረ። ስንዴው እውነተኛ ስንዴ ነው፤ የበላው ድኻም ጠግቧል፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን ዑልያኖስ የሊቀ ካህናቱን ልብ በደብዳቤ ሊቀይር አልቻለም፤ በ363 ዓመት በፋርስ ጦርነት ሞተ። ከእርሱ በፊት ቈስጠንጢኖስ ለመበለቶችና ለደናግል በአብያተ ክርስቲያናት እጅ የሚሰጥ እህል ቈርጦ ነበር፤ ዑልያኖስ ያን አስቀረ፤ ከእርሱ በኋላ የነገሠው ዮቪያኖስም ዘመኑ የረኀብ ስለ ነበረ ሲሶውን ብቻ መለሰ። የንጉሥ ስንዴ ንጉሥ በተለወጠ ቍጥር ይለወጣል። በዚህ ስንዴ ምክንያት ቅዱስ አትናቴዎስ እንኳ ለመበለቶች የተሰጠውን እህል ሸጠ ተብሎ ተከሷል፤ እህሉን የተቀበሉት ሰዎች መቀበላቸውን ሳይክዱ ጠላቶቹ ከሰሱት። መዝገብ መልካም የሚሆነው ለድኻው ብቻ አይደለም፤ ለአዳዩም ነው።

ለዚህ ክርክር ከአባቶች ሁሉ ይልቅ የቀረበው ግን ዮሐንስ አፈ ወርቅ ነው። በአንጾኪያ ሳለ በማቴዎስ ወንጌል ትርጓሜው እንደ ተናገረው፣ የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ገቢዋ ከመካከለኛ ባለጸጋ ገቢ የማይበልጥ ሳለ 3,000 መበለቶችንና ደናግልን በመዝገብ ጽፋ በየቀኑ ትመግብ ነበር፤ እስረኞች፣ ሕሙማንና መንገደኞች ከዚህ ቍጥር ውጭ ናቸው። ሰዎቹም ለማኝ ሲመጣባቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ የላትምን? ወደዚያ ይሂድ ይሉ ነበር። ዮሐንስ ይህን አመካኝነት በቍጣ አፈረሰው። የመልሱ ሐሳብ፣ ካህን ስለ ጸለየ ሕዝብ መጸለይን ይተዋልን? ሌላው ስለ ጾመ እርሱ ይሰክራልን? የሚል ነው። ልብ ይባል፤ አፈ ወርቅ የገሠጸው ቤተ ክርስቲያን አትስጥ ብሎ አይደለም፤ የአንዱ መስጠት ለሌላው ማምለጫ እንዳይሆን ነው። ያን ጊዜ ማምለጫው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነበር፤ ዛሬ የመንግሥት መዝገብ ሆኗል፤ አመካኝነቱ ግን ያው ነው።

በኢትዮጵያም ታሪክ ሁለቱም ታይተዋል። ከ1880 ዓ.ም. ዠምሮ የከብት እልቂት፣ ድርቅና አንበጣ ተደራርበው ክፉ ቀን በተባለው ዘመን ዳግማዊ ምኒልክ ጎተራቸውን ከፍተዋል፤ በሬ ስላለቀም በገዛ እጃቸው መቈፈሪያ ይዘው መሬት በመቈፈር መኳንንቱ ሥራን እንዳይንቁ ምሳሌ ሆነዋል። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ግን በወሎ የወረደው ረኀብ በሹማምንቱ ዘንድ እየታወቀ ተሸሽጎ ቆየ። ይህ የመንግሥት ኀጢአት ተብሎ ብዙ ተጽፎበታል፤ መጻፉም የተገባ ነው። ነገር ግን በዚያን ዘመን መሬትና ግብር በቤተ ክርስቲያንም እጅ ነበረ፤ በየአድባራቱ ጎተራ ነበረ፤ ስለዚህ ጥያቄው በቤተ መንግሥቱ ደጅ ብቻ ሊቆም አይገባውም። ቤተ ክርስቲያን በ1964 ዓ.ም. የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንን አቋቁማ በሥርዓት መርዳት ዠምራ ነበር፤ መንግሥትም በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንን አቆመ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የመንግሥት ሲሆን የቤተ ክርስቲያን መሬት አብሮ ሄደ። በግብፅ የካህናት መሬት ተርፎ ነበር፤ በኢትዮጵያ አልተረፈም።

ከዚያ በኋላ በ1997 ዓ.ም. መንግሥት ከለጋሾች ጋር የልማታዊ ሴፍቲኔትን ሥራ ዠመረ። ሲዠመር ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ያዘ። ጕልበት ያለው እርከን በመሥራት፣ መንገድ በመጥረግ ሠርቶ ይቀበላል፤ ሽማግሌው፣ አካሉ የጐደለውና ነፍሰ ጡሯ ሳይሠሩ ይቀበላሉ። በመዝገብ የሚገባውን ሰው የሚመርጠው በቀበሌው ያለ ሕዝብ በኮሚቴ ሆኖ ነው። ይህ በራሱ የቃርሚያውን ሕግ የሚመስል ነገር አለው፤ ተቀባዩ በሰው ደጅ አይቆምምና። ደግሞም የኢየሩሳሌሟ ጕድለት በዚያው አለች። የሚናገርለት ዘመድ በኮሚቴው የሌለው፣ ከሌላ አውራጃ ፈልሶ የመጣ፣ ባሏ ጥሏት የሄደች ሴት፣ እነዚህ ይዘለላሉ። ስለዚህ በየአጥቢያው ያለ ካህን የንስሐ ልጆቹን ቤት በየደጁ ያውቃልና፣ ከመዝገብ የተዘለለው ማን እንደ ሆነ ከማንም አስቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው። ዐውቆ ዝም ካለ ግን የመንግሥትን መዝገብ ለመንቀፍ አፍ የለውም።

ካህናት በዚህ ነገር ላይ የተለየ ዕውቀት አላቸው። አብዛኞቹ በቈሎ ተማሪነት ያደጉ ናቸው፤ አኩፋዳ ይዘው፣ ደበሎ ለብሰው፣ ውሻ እየጮኸባቸው፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ በየደጁ ዞረዋል። የትኛው ቤት ቁራሽ እንደሚሰጥ፣ የትኛውም ውሻውን እንደሚለቅ በእግራቸው ተምረዋል። ትልቁ ግቢ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው፤ ባልቴቲቱ ግን ከምጣዷ ላይ ትቈርሳለች። ያ ቁራሽ ከእጅ ወደ እጅ ስለ ሄደ ከጣመበት ይልቅ የሰጠችው ሴት ፊት ይታወሳል። ይህን መዝገብ ሊሰጥ አይችልም። ነገር ግን እውነቱ ይነገር፤ በዚያው መንገድ ብዙ ተማሪ በረኀብና በተስቦ ሞቷል፤ ትምህርቱን ትቶ የሄደውም ብዙ ነው። ባልቴቲቱ ደግ መሆንዋ ለሁሉም አልደረሰም።

ከዚህ ጋር የተዝካር ነገር አለ። በተዝካር ቀን ድንኳኑ ተተክሎ ካህናቱ በአንድ ወገን፣ ባላባቶቹ በሌላው ይቀመጣሉ፤ ለነዳያን የሚሰጠው ከሁሉ በኋላ፣ ከድንኳኑ ውጭ፣ የተረፈው ነው። ጌታ በሉቃስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ ወደ ግብዣ ሊጠሩ የሚገባቸውን ሲዘረዝር ድኾችን፣ ጕንድሾችን፣ አንካሶችንና ዕውሮችን ነው፤ ብድር መመለስ ስለማይችሉ። ከድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ግን ሁሉ ብድር የሚመልስ ነው፤ ነገ በእርሱም ቤት ተዝካር አለና። በፈቃድ መስጠት ከግብር ይበልጣል የሚሉት ሊቃውንት ይህን በፈቃድ የሚሰጠውን ማዕድ አስቀድመው ያስተካክሉ።

ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው መዠመሪያ መልእክት በ5ኛው ምዕራፍ የነገሩን ተራ አስቀምጧል። መበለት ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካላት አስቀድመው እነርሱ ይመግቧት፤ ቤተ ክርስቲያን እውነተኛ መበለት የሆነችውን ትርዳ ዘንድ። በመዝገብ የምትጻፈውም ዕድሜዋ ከስድሳ ዓመት ያላነሰ ትሁን ብሏል። ከዚህ እንደሚታየው መዝገብ ሐዋርያዊ ነው፤ ዕድሜ መቍጠርም ሐዋርያዊ ነው፤ የገዛ ወላጁን ለመዝገብ አሳልፎ የሚሰጥ ልጅ ግን ሃይማኖቱን የካደ ተብሏል። መንግሥት የሚገባው ቤተ ሰብና ቤተ ክርስቲያን በማይደርሱበት ነው የሚሉ አሉ፤ ተራው ለዕዳው ቅደም ተከተል ነው እንጂ ለመዘግየት ምክንያት አይደለም። ልጁ እስኪጸጸት፣ ደብሩ እስኪሰበሰብ ድረስ እናቲቱ ብትራብ ንጉሡ ተራዬ አልደረሰም ማለት አይችልም።

ወደ ምዕራፉ ስንመለስ የሚቀረው የሰባቱ ስም ነው። እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። እነዚህ ሁሉ የጽርእ ስሞች ናቸው፤ ኒቆላዎስም ከአሕዛብ ወደ ይሁዲነት የገባ የአንጾኪያ ሰው ነው። ያጕረመረሙት ጽርእ ተናጋሪዎቹ ነበሩ፤ መዝገቡም ለእነርሱ ወገን ሰዎች ተሰጠ። የዕብራውያኑም መበለቶች ከዚያ ቀን ዠምሮ የሚመገቡት በእነዚህ እጅ ሆነ፤ እንግዲህ እኛ እንዘለላለን ብሎ ያጕረመረመ ስለ መኖሩ ግን አልተጻፈም። ከዚህ ቀጥሎ ወንጌላዊው ሉቃስ የቃሉን መስፋት፣ የደቀ መዛሙርትን መብዛት ጽፎ፣ ከካህናት ወገን ብዙዎች ለሃይማኖት የታዘዙት በዚህን ጊዜ እንደ ሆነ ይናገራል። ካህናቱ ያመኑት በበዓለ ኀምሳ ቀን ነው አላለም፤ በሰሎሞን ደጅ መመላለሻ ተአምር በተደረገ ጊዜም ነው አላለም። የጻፈው የመበለቶቹ ማዕድ ከተስተካከለ በኋላ ነው።